ነጭ ሁሉ ሳቢሳ አይደለም

ቤቴ ከጣና ዳርቻ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ ባድግም ረግረጉን ዕድሜዬን ሙሉ «ሳርና ወፍ» ብዬ ነበር የማልፈው። አሮጌ ባይኖኩላር በእጄ ከገባ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት እየወረድኩ ማየት ጀመርኩ። ያኔ ነው የማውቀው ነገር ግማሹ ስህተት እንደሆነ የገባኝ። ስህተቱ ደግሞ የኔ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያው ነው የሚለው።

«ውሃ ዳር የቆመው ረጅም ሳር ሁሉ ደንገል ነው»

የሚደባለቁት ሦስት ናቸው፦ ደንገል፣ ፊላና ሸምበቆ። ከመንገድ ላይ ሆናችሁ ስታዩዋቸው አንድ አረንጓዴ ግድግዳ ይመስላሉ። ጠጋ ስትሉ ግን ምንም አይመሳሰሉም።

ደንገል ዘንጉ ላይ ቅጠል የለውም ማለት ይቻላል። አንድ ወጥ፣ ለስላሳ ዘንግ ነው። አናቱ ላይ ብቻ እንደ ተበተነ ፀጉር ክር ክር የሚል ነገር ያወጣል። ፊላ ደግሞ ከሥሩ ጀምሮ ረጃጅም ጠፍጣፋ ቅጠል አለው። ከመሃል በሚወጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ቡናማ፣ ሲዳስሱት ከፋይ የሚመስል ድብልብል ነገር ይቀመጣል። እሱ ሲደርስ ይፈነዳና እንደ ጥጥ ይበናል። ሸምበቆ አንጓ አለው፤ ውስጡም ባዶ ነው። ዋሽንት ከሱ የሚሠራው ለዚህ ነው።

አንድ የወደቀ ደንገል አንሱና ስበሩት። ውስጡ ነጭ ነው፤ አየር የሞላው እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር። የደንገል ታንኳ የሚንሳፈፈው በዚያ አየር ነው። ያው ስፖንጅ ግን ውሃም ይጠጣል። ስለዚህ ባለታንኳዎቹ ከሥራ ሲመለሱ ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። እኔ ለረጅም ጊዜ ለቱሪስት ፎቶ የሚያቆሙት ይመስለኝ ነበር።

«ቄጠማ ሳር ነው»

ለበዓል የምንጎዘጉዘው፣ በቀዳም ስዑር ራሳችን ላይ የምናስረው ቄጠማ የሳር ወገን አይደለም። የደንገል ዘመድ ነው። ማረጋገጫው በእጃችሁ ነው፤ ዘንጉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዛችሁ አሽከርክሩት። ሳር ክብ ስለሆነ ይንከባለላል። ቄጠማ ሦስት ጠርዝ አለው፤ ጣት ላይ ይቆረቁራል። የደንገልንም ዘንግ ወደ አናቱ ጠጋ ብላችሁ ብትይዙት ሦስቱን ጠርዝ ታገኙታላችሁ።

ሞክሩት እንጂ ገበያ ላይ «ቄጠማ» ተብሎ ከሚሸጠው እስር ውስጥ እውነተኛ ሳር ተቀላቅሎ ታገኛላችሁ። ሻጭዋ ላይ ግን አትፍረዱ፤ ጉዝጓዝ ጉዝጓዝ ነው።

«ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረንጓዴ ሁሉ እምቦጭ ነው»

በዚህኛው ጥፋተኛው እኔው ነኝ። አንድ ቅዳሜ ለእምቦጭ ነቀላ ከወጡት ጋር ወጣሁ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ የያዝኩትን ሁሉ እየነቀልኩ ከመርኩ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጋሼ ክምሬን በእግራቸው ገለበጥ ገለበጥ አደረጉና «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ የኛው ነው። ምን አደረገህ?» አሉኝ። ግማሹ የውሃ ሊሊ ነበር። ከዕድሜዬ ሁሉ «አንተ ልጅ» የተባልኩበት ይሄኛው ነው ያሳፈረኝ።

የውሃ ሊሊ ቅጠሉ ውሃው ላይ ተለጥፎ ይተኛል። ከዳር እስከ መሃል አንድ ስንጥቅ አለው። ሥሩ ታች ጭቃው ውስጥ ነው፤ ስትስቡት እንቢ ይላል። እምቦጭ ግን ቅጠሉ ከውሃው በላይ ቀና ብሎ ይቆማል። ሥሩ ጭቃ ሳይነካ እንደ ጠቆረ ላባ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሏል። የቅጠሉ አንገት እንደ ፊኛ ያበጠ ነው ይባላል፤ ትክክል ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ቦታው ሲጣበብ አንገቱ ይረዝማል፤ እብጠቱም ይጠፋል። ያኔ አበባውን ፈልጉ። ሐምራዊ ነው፤ ከአበባው ቅጠሎች የላይኛው መሃል ላይ ቢጫ ነጥብ አለ።

ደግሞ «ድሮም የነበረ ነው» የሚሉ አሉ። አልነበረም። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በኢትዮጵያ ቆቃና አዋሽ ላይ እንደ ፈረንጆቹ በ1965 ታይቷል። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2011 ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊበቅል ስለሚችል ዘንድሮ የጸዳ ቦታ ከርሞ አረንጓዴ ቢሆን አይግረማችሁ።

«ጫጩት የያዘችው እናት ናት»

የውሃ ሊሊው ቅጠል ላይ የምትራመድ አንዲት ቡናማ ወፍ አለች። ጃካና ትባላለች። ጣቶቿ ከልክ በላይ ረጃጅም ናቸው፤ ክብደቷን ስለሚበትኑላት አትሰምጥም። ጫጩት ይዛ ካያችኋት ግን «ይዛ» ማለቱ ስህተት ነው፤ አባትዬው ነው። ሴቷ እንቁላል ጥላ ትሄዳለች። የሚታቀፈውም የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። አደጋ ሲሸተው ልጆቹን ክንፉ ሥር አቅፎ ይነሳል። እግሮቻቸው ብቻ ከክንፉ ሥር ተንጠልጥለው ሲታዩ ወፉ ስምንት እግር ያለው ይመስላል።

«ነጭ ወፍ ሁሉ ሳቢሳ ናት፤ ሥራዋም መዥገር መልቀም ነው»

በእኛ ሰፈር ነጭ ሆኖ እግሩ የረዘመ ሁሉ ሳቢሳ ነው። ከብት ተከትላ የምትሄደው አጠር፣ ደልደል ያለችና ቢጫ መንቆር ያላት ናት። ውሃ ውስጥ ብቻዋን የምትቆመው ቀጭን ደግሞ ሌላ ናት። መንቆሯም እግሯም ጥቁር ነው፤ ጣቶቿ ግን ቢጫ ናቸው። ቢጫ ካልሲ ያደረገች ይመስላል። ካልሲውን ጭቃ ውስጥ ስታርገበግበው የተደበቀው ዓሣ ይወጣላታል። ሦስተኛዋ ከሁለቱም በጣም ትረዝማለች፤ አንገቷ መሃል ላይ የተሰበረ ይመስላል። መካከለኛ ቁመት ያላት አራተኛም አለች። እሷን በተመለከተ ከራሴ ጋር ገና እየተጨቃጨቅኩ ነው።

ቀለምን ብቻ አትመኑ። የከብት ተከታይዋ በመራቢያዋ ወቅት ራሷ፣ ደረቷና ጀርባዋ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። እኔ አዲስ ወፍ አገኘሁ ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ ደውያለሁ።

የመዥገሩን ነገር በተመለከተ፦ አልፎ አልፎ ትለቅም ይሆናል። ዋናው ቀለቧ ግን ከብቱ ሲራመድ ከሳሩ የሚፈናጠረው አንበጣና ፌንጣ ነው። ለግማሽ ሰዓት ብታዩአት ዓይኗ ከከብቱ ጀርባ ይልቅ ኮቴው ላይ ነው።

«አባ ኮዳ ኮዳው ውስጥ ምግብ ያስቀምጣል»

ስሙ ራሱ ነው ያሳሳተን። ዓሣ ከሚበለትበት ቦታ አጠገብ የሚቆመው፣ ራሱ መላጣ፣ ቁመቱ እስከ 150 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ትልቅ ወፍ አንገቱ ላይ ቀይ ከረጢት ያንጠለጥላል። ከረጢቱ ውስጥ ዓሣም ውሃም የለም። አየር ነው። ከጉሮሮው የምግብ መንገድ ጋርም አይገናኝም። ወፉ የሚነፋው ለመታየትና ሙቀት ለማስወጣት ነው።

እግሩም ነጭ ነው የሚሉ አሉ። ከሥሩ ጥቁር ግራጫ ነው። ነጩ የራሱ ኩስ ነው። ሲሞቀው እግሩ ላይ ይለቀዋል፤ እርጥበቱ ሲተን ይቀዘቅዝለታል። ይህን ምሳ ሰዓት ላይ ለቤተሰብ መንገር አያስፈልግም፤ እኔ ነግሬ አይቼዋለሁ።

«አንገቱ የረዘመ ሁሉ ሽመላ ነው»

አየር ላይ እያለ እዩት። ከብት ተከታይዋም ባለ ካልሲዋም ዘመዶቻቸውም ሲበሩ አንገታቸውን ያጥፋሉ። ሽመላና ክሬን ግን፣ ከሽመላ ወገን ከሆነው ከአባ ኮዳ በቀር፣ ዘርግተው ነው የሚበሩት። (ክሬን ስል ሕንፃ ላይ የሚቆመውን አይደለም።)

ጣና ላይ ክሬንም አንድ ዓይነት አይደለም። ግራጫው፣ አናቱ ላይ ቀይ ነጥብ ያለው፣ ከሰሜን የሚመጣ እንግዳ ነው። ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ በብዙ ሺህ ሆኖ ይመጣል፤ መጋቢት አካባቢ ይመለሳል። ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ማታ ዛፍ ላይ የሰፈረ ክሬን ካያችሁ ባለ ዘውዱ ነው። ዛፍ ጨብጦ የሚያድረው እሱ እንጂ ግራጫው አይደለም።

«ስልኬ ይነግረኛል»

አንዳንዴ ይነግራል። ደህና ፎቶ ካገኘ ጥሩ ግምት ይሰጣል። ግን ከሩቅ የተነሳ ብዥ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ስጡት፤ ያው ደፍሮ ስም ይሰጣል። አላውቅም ማለት ይቸግረዋል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፦ ሰዓቱን፣ መንቆሩን፣ እግሩን፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር፣ የቆመው ደንገል ላይ ይሁን ፊላ ላይ። ስልኩን የማወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ገጽ ላይ «ቡናማ፣ ጅራቱን የሚነቀንቅ፣ እየሮጠ ደንገል ውስጥ የገባ» የሚል አለ። ስልኩ እስካሁን ሦስት ስም ሰጥቶታል። ዓሣ አጥማጁን ጋሼም ጠይቄ ነበር። «ወፍ ነው» አሉኝ።