እንጅባራ፦ ሁለት ቋንቋ በአንድ ከተማ

እንጅባራ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር የሚሄድ ሁሉ በእሷ ያልፋል። ወደ ቻግኒና መተከል የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው እዚሁ ነው። እንግዳ አይጠፋባትም። መንገዱ ዳር ቆም ያለ ሰው አማርኛም አውጚም ይሰማል። አውጚ የአዊ ሕዝብ ቋንቋ ነው፤ ብዙ ሰው አገውኛ ይለዋል።

አውጚ ከኩሽ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የዋጉ ኽምጣኛና የኤርትራው ብሊን ዘመዶቹ ናቸው፤ አንድ ላይ የአገው ቋንቋዎች ይባላሉ። አማርኛ ደግሞ ከሴም ወገን ነው። ይሁንና ሁለቱ ለዘመናት ጎን ለጎን ኖረዋል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያሳርፈው ከአገው ቋንቋዎች ጋር በመኖሩ ነው የሚሉ የቋንቋ ምሁራን አሉ።

የሁለቱን ኑሮ ለማየት ገበያ ይሻላል። ከገጠር ድንች ይዛ የመጣች እናት ከልጇ ጋር ስለ ዋጋው የምትመካከረው በአውጚ ነው። ገዢ ጠጋ ሲል ወዲያው አማርኛውን ታቀላጥፈዋለች። ገዢው አገሬው ከሆነ ክርክሩ ተመልሶ አውጚ ይሆናል። አማርኛ ብቻ ይዞ ያደገ ሰው ግን አውጚ የሚማረው ከስንት አንዴ ነው። ሁለት ቋንቋ የመቻሉ ድካም በአንድ ወገን ላይ ወድቋል።

የ1999 ዓ.ም. ቆጠራም ይህንኑ ይጠቁማል። ከአዊ ዞን ነዋሪ 60 በመቶ ያህሉ አዊ ነው፤ አውጚ አፍ መፍቻው የሆነው ግን 45 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ይህ ልዩነት ያሳስበኛል። እዚያው ጎጃም፣ ጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው።

በሕግ በኩል በሩ ክፍት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ሲያደርግ፣ ለሁሉም የአገሪቱ ቋንቋዎች እኩል እውቅና ሰጥቷል። በአዊ አውጚ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኗል። የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። «አውጚ» ላይ ያለችው «ጚ» ራሷ አማርኛ የሌለውን፣ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ለመጻፍ የገባች ናት።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ግን ንግዱም ስልኩም ባብዛኛው አማርኛ ነው። ስለዚህ የከተማው ወላጅ «ለልጄ ይጠቅመዋል» ብሎ እቤትም አማርኛውን ያስቀድማል። አልፈርድበትም። ግን አማርኛን ልጁ ከሰፈር ጓደኞቹም ከቴሌቪዥንም ይለቅመዋል። አውጚን የሚያገኘው ከእናት አባቱና ከአያቶቹ ነው።