ከጣርማ በር ወደ ቆላ በብስክሌት፦ ስለ ሙቀቱና ስለ ቁልቁለቱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለኮሌጅ ቡድን የአንድ ቀን መንገድ፣ በማግስቱ አጣዬ ደርሶ መልስ፣ በሦስተኛው ቀን ሽቅብ ወደ ቤት። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ግን ደብረ ብርሃን ያለችው 2,840 ሜትር ላይ ነው፤ መንገዱ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,280 ሜትር ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ጠዋት ጃኬት ደርቦ የተነሳ ልጅ ቀትር ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሐሩር ውስጥ ይገኛል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይህን ጉዞ ሲያቅዱ በኪሎ ሜትር ብቻ የሚያሰሉ ቡድኖች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

“ጣርማ በርን ካለፍን ቁልቁለቱ ዕረፍት ነው”

ለእግር ዕረፍት ይሆናል፤ ለፍሬን ግን የቀኑ ከባድ ሥራ ነው። ቸርኬውን በጎማ ጨምቆ የሚይዝ ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ቸርኬው ራሱ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ካላማዳሪው ያልፋል፣ የንፋሱ ግፊት ይጨምራል፣ የተለጠፈ ካላማዳሪ ከሆነ ደግሞ ማስቲሹ ይለቃል። ጎማው የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ጠመዝማዛው ላይ፣ ፍሬን በኃይል በተያዘበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ለዚህ ቁልቁለት ያልተለጠፈ ካላማዳሪ ይግባ። የፍሬኑ ጎማ መስመሮቹ ከጠፉ አንድ ቀን እንኳ ሳይነዳ ይቀየር፤ ካቦውም ይታይ። መያዣው ተጨምቆ መሪውን የሚነካ ከሆነ ካቦው ረግቧል ማለት ነው።

አያያዙም ሌላ ነው። ከመታጠፊያው በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ እንዳለ፣ ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነት መቀነስ፤ ከዚያ ለቆ መታጠፍ። ሁልጊዜ ለስለስ አድርጎ መያዝ ለቸርኬው ፋታ አይሰጥም። በየ10 ደቂቃው ሰፊ ዳር ላይ መቆም ይገባል፤ ሲቆሙ ቸርኬውን ወይም ዲስኩን በእጅ አይነኩም፣ ያቃጥላል። በሁለት ሰው መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ይተው። ጣርማ በር ላይ ያለው የመንገድ ዋሻ ውስጥ ከመግባት በፊት ጥቁር መነጽር ይወልቃል፣ ከፊትም ከኋላም መብራት ይበራል። ጉም ከወረደ ደግሞ እስኪገለጥ መጠበቅ ነው፤ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ በከባድ ማርሽ እየተጎተተ ሲወርድ በጉም ውስጥ ብስክሌተኛ አይታየውም።

“ቆላ ስለምንወርድ ከጎማው ንፋስ እናጉድል”

አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን ላይ በ12 ዲግሪ 80 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) የተነፋ ጎማ ሸዋ ሮቢት ላይ 35 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 85 ቢሄድ ነው። ሙቀቱ ግፊቱን ይጨምራል፤ ከታች ያለው የከባቢ አየር ክብደት ደግሞ ጥቂቱን ይመልሳል። 5 ነጥብ ጤነኛ ጎማ አያፈነዳም። ንፋስ የጎደለው ጎማ ግን ጉድጓድ ሲመታ ካላማዳሪውን ከቸርኬው ጋር ነክሶ ሁለት ቦታ ይበሳዋል፤ ጎሚስታ በሌለበት ቦታ መሆኑ ነው ክፋቱ።

“ደጋ ላይ የሠለጠነ ልጅ ቆላ አይበግረውም”

የደጋ ልምምድ ሳንባና ደም ያጠነክራል፤ ላብን አያስተምርም። ሰውነት ቶሎና በብዛት ማላብን፣ ጨውን ቆጥቦ መጠቀምን የሚለምደው በሙቀት ውስጥ ከ7 እስከ 14 ቀን ሲለማመድ ነው። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ቀን ከሸዋ ሮቢት በኋላ አይቀጥል፤ የሁለተኛው ቀን መንገድም አጭር ይሁን። አደጋው የበለጠ የሚያንዣብበው በጠንካራው ልጅ ላይ ነው። ደካማው ቀድሞ ይቆማል፤ ጠንካራው ግን ሰውነቱ እያስጠነቀቀው ይገፋል።

“ውሃ ብቻ በብዛት ጠጡ”

በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ 800 ሚሊ ሊትር፣ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ፣ ለብዙዎች ይበቃል። ከዚያ በላይ ባዶ ውሃ ሲጋት የደም ጨው ይቀጥናል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጣት ማበጥ ይመጣል። ይህን ውሃ ጥም ነው ብሎ ተጨማሪ ውሃ መስጠት ደግሞ ነገሩን ያብሳል። መለያው ሚዛን ነው። ጠዋት 60 ኪሎ የነበረ ልጅ ማታ 58.8 ከሆነ 2 በመቶ ቀንሷል፣ በማግስቱ ይጨምር፤ 60.5 ከሆነ ከልክ በላይ ጠጥቷል።

በአንድ ሊትር ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ለመንገድ ጥሩ ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ የሚጠጣው ሌላ ነው፦ በሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሁሉም ልሙጥ፤ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ኦአርኤስ። የተቅማጥ ልጅ በማግስቱ አይነዳም።

“ላብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ምች ይመታል”

ከሁሉም በላይ ሰው የሚገድለው ይህ አባባል ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ላብ ያጠመቀው ሰው ሲዝለፈለፍ “ምች ነው” ይባልና ዳማከሴ ይታሻል፣ ክብሪት ይሸተታል፣ በጋቢ ይጠቀለላል። ዳማከሴ ለጉንፋን ይሁን፤ ማንም አይጣላውም። የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ያለፈ ልጅ ግን የሚያስፈልገው ውሃ ነው፣ እሱም ወዲያው። “ላብ ካላቆመ የሙቀት ምት አይደለም” የሚለውም ስህተት ነው፤ ብስክሌት ሲነዳ የሚወድቅ ሰው ብዙ ጊዜ እያላበው ነው የሚወድቀው። ምልክቱ ያለው አእምሮው ላይ ነው፦ መንገድ መሳት፣ መቀባዠር፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ መንገዳገድ። “ዛሬ ማን ነው ቀኑ?” ሲባል የማይመልስ ልጅ ብስክሌት ላይ አይመለስም።

አደራረጉ፦ ጥላ ውስጥ አስተኝቶ ሄልሜትና ከላይ ያለ ልብስ ማውለቅ፤ ጀሪካኑን መላ ሰውነቱ ላይ እያፈሰሱ በነጠላ ወይም በካርቶን ማራገብ፤ በረዶ ካለ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ማድረግ። ራሱን ለሳተ ሰው ምንም በአፍ አይሰጥም። ፓራሲታሞል ይህን ሙቀት አያወርድም። ወደ 907 እየተደወለ ማቀዝቀዙ ይቀጥላል፤ አእምሮው እስኪመለስ ወይም በብርድ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ መኪና ላይ ለመጫን አይቸኮልም። ለ12 ሰው አጃቢው መኪና አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይያዝ፤ ሦስቱ ለመጠጥ፣ ሁለቱ ለዚህ ብቻ፣ የማይነኩ።

“ከኋላ የሚነዳ ያርፋል”

ሜዳ ላይ እውነት ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ ባለው ሜዳ በሌላው ጀርባ ተከልሎ የሚነዳ ሰው ጉልበቱን ሩብ ያህል ይቆጥባል። ግን ንፋስ የሚከልለው ሰው ማቀዝቀዣውንም ይከልልበታል። ስለዚህ ከፊት የሚሆነው በየ3 ደቂቃው ይለዋወጥ፤ አዲስ የገባ ልጅም ቀኑን ሙሉ ከመጨረሻ አይቀመጥ። 12 ሰው በአንድ ረድፍ ከሄደ አይሱዙ ሊቀድመው አይችልም፤ ስድስት ስድስት ሆኖ በመካከል 100 ሜትር መተው ይሻላል።

“ጉዞ ስለሆነ ቁርጥ ይብላ”

ሥጋ ከማታ። መንገድ ላይ በየሰዓቱ ሁለት ሙዝ፣ ወይም በውሃ የተበጠበጠ በሶ ከትንሽ ስኳር ጋር። ጾመኛ አባል ካለ ሰዓቱ ይቀየርለታል እንጂ ጉዞው አይቀርበትም፦ ጠዋት አጭር፣ ለስላሳ መንገድ ሰጥቶ ቀሪውን በመኪና።

“ሽቅቡን ቁርስ በልተን ቀስ ብለን እንነሳለን”

በሦስተኛው ቀን ከ1,700 ሜትር በላይ ሽቅብ አለ። ዳገት ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ንፋስ የለውም፤ ላቡም ሳይተን ይንጠባጠባል። ልክ 12 ሰዓት ንጋት ላይ ከተነሳ ግን 4 ሰዓት ላይ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ደብረ ሲና አፋፍ ይደርሳል፣ ከፍታው ራሱ ያቀዘቅዘዋል። 3 ሰዓት ላይ የተነሳ ቡድን በመካከል ያለችውን አርማንያን ሳያልፍ ቀትር ይይዘዋል። ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ጥርስ ያለው ማርሽ የሌለው ልጅ ደግሞ ጠዋቱኑ ብስክሌቱን መኪና ላይ ይጫን፤ አርማንያ ላይ ቆሞ መጫን ቡድኑን ሁሉ ፀሐይ ላይ ያስቆማል።