የደሴ ሽታዎች፦ ዕጣን፣ ወይባና ሽታን እንደ ቅርስ መጠበቅ

ሽታን እንደ ባህል ቅርስ ማጥናትና መጠበቅ ገና ወጣት የጥናት መስክ ነው። ሐሳቡ ግን ከባድ አይደለም። አንድ ማኅበረሰብ ትርጉም የሚሰጠው ሽታ፣ እንደ ዜማውና እንደ ሽመናው ሁሉ ተመዝግቦ ለትውልድ ይተላለፍ ነው። ይህ ዳሰሳ የደሴን ሽታዎች ይመለከታል፤ ኮምቦልቻንም በመጨረሻ ይነካል። አብዛኛው ነገር በሰኞ ገበያ ከዕጣን ሻጮችና ከሠፈር እናቶች የተሰማ ነው።

ቃሉ

ስለ ሽታ ለማውራት አማርኛ ቃል አያጥረውም። ሽታ ጥሩም መጥፎም ይሆናል። መዓዛ ግን ምንጊዜም ጥሩ ነው። ጠረን የገላ ነው፤ ሕፃን እናቱን የሚለየው በጠረኗ ነው። ክርፋትና ግማት ወዲያኛው ጫፍ ላይ ናቸው። ከተለየን የቆየን ሰው ደግሞ «ሽታው ጠፋ» እንላለን።

ታሪክ

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ያለች ደጋ ከተማ ናት። ስሟን አፄ ዮሐንስ 4ኛ «ደስ አለኝ» ካሉት ንግግር አገኘች ይባላል፤ ይህን የማይቀበሉም አሉ። ንጉሥ ሚካኤል መቀመጫቸው አድርገዋት አይጠየፍ የተባለውን የግብር አዳራሽ አሠሩባት። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ አዳራሹ ደሃ ሀብታም ብሎ ሰው አይጠየፍም። በኢጣልያ ጊዜ አስፋልት ሲዘረጋ የናፍጣ ሽታ መጣ።

ዕጣን

የደሴ ዋናው ሽታ ዕጣን ነው። ካህኑ በጽና ያጥናል። በወዳጃ የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ዱዓ ሲያደርጉ ዕጣኑ ከቡናው ጎን ይጨሳል። ሁለቱም ወገን የሚገዛው ከዚያው ከሰኞ ገበያ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከአንዲት ሻጭ ነው። ወሎን ወሎ ያሰኘው መቻቻል ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በአንድ ቤት ሁለት እምነት መኖሩ ነው። ዕጣኑም አብሮ ሊጠቀስ ይገባዋል።

ሻጯ ፊት የተደረደሩት ሳህኖች ራሳቸው ትምህርት ቤት ናቸው። ነጭ ዕጣን፣ ከርቤ፣ ሉባንጃ፣ ብርጉድ፣ ሰንደል አለ። ጥሩ ዕጣን የቱ እንደሆነ ስትጠየቅ አትናገርም፤ አንዲት ፍሬ ፍም ላይ ጣል ታደርግና ዝም ትላለች። ገዢው ራሱ ይፍረድ ነው ነገሩ። የሚፈጥነውን ጢስ ከሚዘገየው፣ የሚያስለውን ከለስላሳው መለየት በዓመታት የሚገኝ እውቀት ነው።

ነጩ ዕጣን የሚገኘው ሳይንሱ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ከሚለው ዛፍ ነው። ዛፉ በደረቅ ቆላ ይበቅላል፤ በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ አበርገሌ ይታወቃል። ግንዱ ሲፋቅ የሚወጣው ሙጫ አየር ላይ ይደርቃል። ለሽታው መለያ ከሆኑት ንጥረ ነገሮች ዋነኛው ኦክታይል አሲቴት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሰፊ ጥናት አስደንጋጭ ነገር አሳይቷል። በብዙ ቦታ ለአሥርት ዓመታት አዲስ ችግኝ ለዛፍ አልበቃም። ከብት ይግጠዋል፣ እሳት ይበላዋል፣ ያረጀው ዛፍም ከመጠን በላይ ይፋቃል። በዚህ ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ይላል ጥናቱ። ስለዚህ የደሴን የቡና ሽታ መጠበቅ የሚጀምረው ከአበርገሌ ነው።

ቡናው የራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የተጎዘጎዘው ቄጤማ ይሸታል። ቀጥሎ ቡናው ይቆላል፤ ጢሱ ለእያንዳንዱ እንግዳ በእጅ ይቀርባል። ዕጣኑ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሁሉም ሽታ ቤቱ ውስጥ ተደራርቦ ይቆያል። ብዙ እናቶች ቡናው ከመቆላቱ በፊት ዕጣን ከተጨመረ ቅር ይላቸዋል።

ወይባ

ስለ ወይባ የወሎ ሴት ካልተናገረች ማን ይናገራል? ወይባ ዛፍም፣ የጢስ መታጠኛም ነው። መሬት ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል ወይም ሸክላ ይቀበራል። የወይባ እንጨት ይነድበታል፤ ነበልባሉ ሲበርድ ጢሱ ይቀራል። ሴትዮዋ ገላዋን ቅቤ ወይም ቅባት ትቀባና ከላይ ትቀመጣለች። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ እስከ አንገቷ ይሸፍናታል። ላብ ይወርዳል። ቆዳዋ ቢጫ ቀላ ያለ መልክ ይይዛል፤ «ወየበ» የሚለው ግስም ከዚህ አይርቅም። ሽታው ከገላዋ ለቀናት አይለቅም።

ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ትሞቃለች። አራስ ጉልበቷ እንዲመለስ ትሞቃለች። ባለትዳር ለቤቷ ትሞቃለች። ወገብ ያጠናል፣ ብርድ ያወጣል ይባላል፤ ጢስ ለሳንባ ጥሩ እንዳልሆነ ግን መዘንጋት የለበትም። ሱዳን ውስጥም ዱኻን የሚባል ተመሳሳይ ልማድ አለ፤ እነሱ ጣልህ የሚሉትን የግራር ዓይነት ይጠቀማሉ። ማን ከማን ወሰደ የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ወይባው ግን የወሎ ነው።

ዛሬ በከተማው ወይባ የሚሞቅባቸው ቤቶች በክፍያ ያስተናግዳሉ። ይህ ጥሩ ነው። ግን እንጨቱን አይቶ የሚመርጥ፣ የእሳቱን ልክ የሚያውቅ እጅ ከሌለ የሚቀረው ጢስ ብቻ ነው።

ወይራንም ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። የወተት ቅል፣ የጠላ ጋን፣ የቀሪቦ እንስራ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ጢሱ ዕቃውን ከጀርም ይጠብቃል፤ መጠጡንም ያጣፍጣል። ፍሪጅና ፕላስቲክ ጆግ ሲመጡ ይህ ሽታ ከብዙ ቤት ወጣ።

አመዘጋገቡ

በሌላው ዓለም መንገዱ ተጀምሯል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2001 ሊጠበቁ የሚገባቸው 100 መልካም ሽታ ያላቸው ቦታዎችን መርጣለች። የፈረንሳይዋ ግራስ ከተማ የሽቶ ሙያ እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ለንደን ላይ ተመራማሪዎች የአሮጌ መጻሕፍትን ሽታ ለክተው በቃላት መድበውታል። አሠራሩ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል በዕቃው ዙሪያ ያለው አየር ተስቦ በመሣሪያ ይመረመራል። በሌላ በኩል ሰዎች አሽትተው ምን እንደሚያስታውሳቸው ይጠየቃሉ።

ለደሴ ሁለተኛው ይቀድማል። ጢስን ጠርሙስ ውስጥ ማሸግ ወይባን አያድነውም፤ ወይባ ማለት እንጨቱ፣ እጁና አጋጣሚው አንድ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ የጠፋውን ዕቃ ቆጥሮ መናገር ይቻል ነበር። አንዲት ወይባ አዋቂ ስታርፍ ግን የጎደለውን የሚይዝ መዝገብ የለም። እናቶቹ እያሉ ይቀረጹ፤ የሚጠቀሙበት ዛፍም በስሙ ይጻፍ።

ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ዝቅ ብላ ያለች ወይና ደጋማ የፋብሪካ ከተማ ናት። ሽታዋም የፋብሪካ ነው፤ የቢራ ብቅል፣ የቆዳ ፋብሪካ፣ የጨርቃ ጨርቅ። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ ወደ ቦርከና በሚገቡ ጅረቶች ላይ ያደረሰው ጉዳት በጥናት ተመዝግቧል። ይህም የከተማዋ የሽታ ታሪክ ነውና አይታለፍም። ከዚያ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጉሙ ይወርዳል። የመኪናውን መስኮት የከፈተ መንገደኛ ደሴን ከማየቱ በፊት ባሕር ዛፉ ይሸተዋል።