«የሦስተኛ ባህል ልጅ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጅዳ የተወለደችው የእህቴ ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ደሴ ገብታ ሳምንት ሳይሞላት እናቴን ቅር አሰኘቻት። እናቴ «እስቲ ልጄ፣ ውኃ አምጭልኝ» ስትላት ፈገግ ብላ «አብሽሪ!» አለቻት። «ምን ሆንሁና ነው የምታጽናናኝ?» አለች እናቴ ወደ እኔ ዞራ። በወሎ «አብሽር» የሚባለው ላዘነ ወይም ለተጨነቀ ሰው ነው፤ አይዞህ እንደ ማለት። በሳዑዲ ግን ያው ቃል የታዛዥ መልስ ነው፤ «እሺ፣ እንደተፈጸመ ቁጠሪው» ማለት ነው። የሳዑዲ መንግሥት ዜጎችና ነዋሪዎች ጉዳያቸውን የሚጨርሱበትን የኢንተርኔት አገልግሎት እንኳ በዚሁ ቃል ሰይሞታል።

ልጅቱ ዐረብኛውንም አማርኛውንም አልተሳሳተችም። ችግሩ የቆመችበት ቦታ ነው፤ ለዚህም ቦታ ስም አውጥተውለታል።

«ሦስተኛ ባህል» የሚለውን አባባል ያመጣችው ሩት ሂል ዩሲም የተባለች አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ከባለቤቷ ጋር ወደ ህንድ ሄዳ በዚያ የሚሠሩ አሜሪካውያንን ስታጠና፣ ኑሯቸው የአሜሪካም የህንድም እንዳልሆነ አየች። የወላጅ አገር ባህል አንደኛው፣ የሚኖሩበት አገር ባህል ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል የሚኖሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚፈጥሩት ነው። የሦስተኛ ባህል ልጅ የሚባለው እንግዲህ የዕድገት ዘመኑን ጉልህ ክፍል ከወላጆቹ አገር ውጭ ያሳለፈ ልጅ ነው። «ሦስተኛ» ሲባል ሦስት ባህል አለው ማለት አይደለም፤ ግማሽ ከዚህ፣ ግማሽ ከዚያ የተቀዳ ድብልቅ ማለትም አይደለም። የእህቴ ልጅ ግማሽ ሳዑዲያዊት ሆና አታውቅም።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። በሳዑዲ መሬት ላይ መወለድ ብቻውን ዜግነት አያሰጥም፤ የውጭ አገር ሰው ልጅ የሚኖረው በወላጁ ኢቃማ፣ ማለትም በመኖሪያ ፈቃዱ፣ ተጠግቶ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። በወረቀት ጉዳዩ ያለቀ ነው። አሜሪካ የተወለደው የጎረቤታችን የልጅ ልጅ በወረቀት ረገድ ከእርሷ ይብስበታል። እዚያ በመወለዱ አሜሪካዊ ነው፤ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትቀበል፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ አሜሪካዊነቱን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን ካልመረጠ እንደተወው ይቆጠርበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ነው።

የእኛዋ ግን ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ሆኖ ሳለ ደሴ ስትገባ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ብርድ ቀይ ባሕር ዳር የለመደ ሰውነቷን ያንቀጠቅጠው ነበር። ዘመድ ሁሉ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ፣ እንኳን ተመለስሽ» ይላታል። ከየት ወዴት ነው የተመለሰችው? ከዚያ በፊት ደሴን በዓይኗ አይታ አታውቅም። የተመለሰችው እናቷ ናት፤ እርሷ የመጣች ናት። የተወለደችበትን ሰፈር ደግሜ ልየው ብትል እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው ቪዛ ካላገኘች አትችልም። ዘመድ ቢሞትባት ድንኳን ተጥሎ ለቀስተኛ ይመጣ ነበር፤ ጅዳን በማጣቷ ግን «እግዜር ያጽናሽ» ወይም «አላህ ያጽናሽ» ያላት አልነበረም። እኔም አላልኋት።

እዚህ ላይ በስያሜው ቅር የሚለኝ ነገር አለ። መጀመሪያ ሲወጣ የተጠኑት ሊያስተምሩ፣ ሊነግዱ፣ ሊሰብኩ ወይም መንግሥታቸውን ሊያገለግሉ የሄዱ አሜሪካውያን ናቸው፤ ጊዜያቸው ሲያልቅ ልጆቻቸውን ይዘው የሚገቡበት ቤት የሚጠብቃቸው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲባረሩ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የወረደውን ልጅ በዚሁ ስም መጥራት የሚከብድ ይመስለኛል። የዲፕሎማት ልጅም የቤት ሠራተኛ ልጅም በሁለት አገር መካከል ይቆማሉ። አንዱ ግን በር ላይ ቆሞ ነው፤ ሌላው አጥር ላይ።

ለደሴ ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። የየመን ነጋዴዎች እዚህ ሱቅ ከፍተው፣ የአገር ልጅ አግብተው የወለዱበትን ዘመን ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ፤ አረብ ገንዳ የሚባል ሰፈርም አለን። እነዚያ ልጆች በአማርኛ አድገው እዚህ «አረቦቹ» ይባሉ ነበር። ደርግ በ1967 ንብረት ከወረሰ በኋላ ብዙዎቹ ወደ አባቶቻቸው አገር ሲሄዱ ደግሞ ሌላ ስም ጠበቃቸው፤ የመን ከውጭ አገር እናት የተወለደውን «ሙወለድ» ትለዋለች፣ ሲከፋም «ሀበሻ»።

የእህቴ ልጅ ዛሬ የቅርብ ጓደኛዋ ካርቱም አድጋ ኮምቦልቻ የገባች ልጅ ናት። እዚህ ከተወለዱት የአጎቶቿ ልጆች ይልቅ ከእርሷ ጋር ስትሆን ትለቀቃለች፤ አንዳቸው ለሌላቸው የሚያብራሩት ነገር የለም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚያወሩት በዐረብኛ ነው። የሱዳኑና የጅዳው ዐረብኛ ግን ስለሚለያይ፣ አልግባባ ሲላቸው ወደ አማርኛ ይዞራሉ።