ክሪምፒንግ ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ከመጋላ ሳቢያን የሚመላለስ ባጃጅ የፊት መብራቱ አንዴ በራ አንዴ ጠፋ ሲል፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም። ሶኬቱን ነቅላችሁ ሽቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ብረት እዩ፤ ጠቁራለች፣ ዙሪያዋ ያለው ፕላስቲክም ቀልጧል። ይህች ብረት ተርሚናል ትባላለች። ተርሚናልን ከሽቦ ጋር ያለ ብየዳና ያለ ብሎን፣ በመጭመቅ ብቻ ማያያዝ ክሪምፒንግ ነው።

የሽቦው ጫፍ ጎማው ይላጥና የመዳብ ክሮቹ በተርሚናሉ ክንፎች መሀል ይቀመጣሉ። ከላይ ሲጫን ክንፎቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው ክሮቹን ጭምቅ አድርገው ይይዛሉ። ከኋላ ያሉት ሁለት ክንፎች ግን የሚይዙት ጎማውን ነው፤ ሽቦው ሲወዛወዝ ጉተታው መዳቡ ላይ እንዳያርፍ። በደንብ የተጨመቀ ተርሚናል ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ክብ የነበሩት ክሮች ተጨፍልቀው እንደ ማር እንጀራ ገጥመዋል፤ አየር የሚገባበት ክፍተት የለም። ከላላ አየርና እርጥበት ገብቶ መዳቡን ያበላሸዋል፤ ኤሌክትሪኩ በጠባብ ቦታ ሲገፋ መገጣጠሚያው ይግላል። እንደ ድሬ ባለ ሙቀት ደግሞ ቶሎ የሚቀዘቅዝ ነገር የለም። ከልክ በላይ ሲጨመቅ ክሮቹ ይበጠሳሉ።

በጥሩውና በመጥፎው መሀል ያለው ልዩነት በሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ ነው። ፋብሪካ ሥራውን ለማሽን የሚሰጠውም ለፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ አንደኛውና ሺኛው ተርሚናል እኩል እንዲጨመቁ ነው። አውቶማቲኩ ማሽን ሽቦውን ከጥቅልሉ ይስባል፣ ለክቶ ይቆርጣል፣ ሁለቱንም ጫፍ ይልጣል፣ ከዚያ ጫፉን ወደ መጫኛው ያቀርባል። ተርሚናሎቹ በአንድ ረጅም የብረት ቀበቶ ተያይዘው በጥቅል ይመጣሉ፤ መጫኛው በወረደ ቁጥር አንዷ ተቆርጣ ሽቦው ላይ ትታሰራለች።

ከሁሉ የማደንቀው የጉልበት መቆጣጠሪያውን ነው። ማሽኑ በእያንዳንዱ ጭመቃ ያወጣውን ጉልበት ለክቶ ከትክክለኛው ጋር ያስተያያል። ሲላጥ ጥቂት ክር ተቆርጦ ከሆነ የሚጫነው መዳብ ያነሰ ስለሆነ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ ማሽኑ ያንን ሽቦ ለይቶ ያስቀረዋል። ይህን የሰው ዓይን አያየውም። ሠራተኛው ደግሞ በየመሀሉ ናሙና እያነሳ የጭመቃውን ከፍታ ማይክሮሜትር በሚባል ረቂቅ መለኪያ ይለካል፣ ሽቦውን እስኪነቀል ጎትቶ ስንት ኃይል እንደቻለ ያያል።

በስታኞ፣ ማለትም ቀልጦ በሚያያይዝ ለስላሳ ብረት ቢበየድስ? ስታኞው በክሮቹ መሀል እየሰረገ ሽቦውን ያደርቀዋል፤ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ደረቁ ካለቀበት ላይ ይበጠሳል። ቆርጦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ደግሞ ያው የላላ መገጣጠሚያ ነው። ለጥገና የሚሻለው ለሽቦው ልክ የሆነ ተርሚናል ገዝቶ፣ እስከ መጨረሻው ሳይጨመቅ በማይለቀው የክሪምፕ ፒንሳ ማሰር ነው። ከዚያ በእጅ ጎተት አድርጉት፤ ከተነቃነቀ እንደገና ይሠራ።