ጥልቅ የጂኦተርማል ክምችት ምንድን ነው? ሙቀት ብቻውን ለምን አይበቃም?

መሬት ወደ ታች በተቆፈረች ቁጥር ትሞቃለች። እሳተ ገሞራ በሌለበት አካባቢ እንኳ ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጨምራል። አምስት ኪሎ ሜትር ሲወረድ ብዙ ቦታ ከ100 ዲግሪ በላይ ይገኛል። ታዲያ ይህን የመሬት ውስጥ ሙቀት የሚጠቀም የጂኦተርማል ጣቢያ በየቦታው ለምን አልተተከለም? መልሱ ያለው ድንጋዩ ላይ ነው።

ክምችት ሲባል ብዙ ሰው ከመሬት በታች ያለ የፈላ ሐይቅ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የጋለ ዐለት ነው። ውሃው የሚገኘው በዐለቱ ቀዳዳዎችና ስንጥቆች ውስጥ ነው፤ ሙቀቱን ይዞ የሚወጣውም እሱ ነው። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ሙቀቱ እዚያው ይቀራል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ፦ ዐለቱ ውስጥ ምን ያህል ባዶ ቦታ አለ? ዐለቱስ ውሃ ምን ያህል ያሳልፋል? ከጭቃ የተሠራ ዐለት ብዙ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ቀዳዳዎቹ እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ግን ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል። ግራናይት ደግሞ ባዶ ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው። ሆኖም ከተሰነጣጠቀ ያሳልፋል። የስንጥቅ ሒሳብ ደግሞ ይገርማል፦ ስፋቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚያልፈው ውሃ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሌላ በኩል፣ ከውሃው የሚዘቅጡ እንደ ካልሳይትና ኳርትዝ ያሉ ማዕድናት ስንጥቁን ቀስ በቀስ ይደፍኑታል። ከጉድጓድ የወጣች ትንሽ የዐለት ናሙና ይህን ሁሉ አታሳይም፤ ዋናው ስንጥቅ ከናሙናዋ ውጭ ሊሆን ይችላል።

የኖራ ድንጋይን ውሃ ስለሚያሟሟው መተላለፊያው እየሰፋ ይሄዳል። በፓሪስ አካባቢ ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ጥልቀት ካለ የኖራ ድንጋይ የሚወጣ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ቤት ያሞቃል። ውሃው አይፈላም። ግን እንደ ልብ ይፈሳል፤ ለእኔ ከጋለና ከደረቀ ዐለት ይሻላል።

ግራናይት ሌላም ጥቅም አለው። በውስጡ ያሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም ሲፈራርሱ ሙቀት ያመነጫሉ። ከላዩ ሙቀት በደንብ የማያስተላልፍ የጭቃ ዐለት ካለ እንደ ብርድ ልብስ ያፍነዋል። ፈረንሳይ ውስጥ ሱልትዝ ላይ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ተቆፍሮ ግራናይቱ 200 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ዐለቱ የማያሳልፍ ሲሆንስ? በከፍተኛ ግፊት ውሃ ተጨምቆ ይገባና ስንጥቆቹ ይከፈታሉ። ይህ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ፌንተን ሂል ላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተሞክሯል። የትኛው ስንጥቅ እንደሚከፈት የሚወስነው ዐለቱ ከየትኛው አቅጣጫ ጫና እንደበዛበት ነው። ጫናው ከባድ ከሆነ ዐለቱ ሊንሸራተት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ላይ ውሃ ሲገባ በሬክተር ስኬል 3.4 ገደማ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከሰተ፤ ፕሮጀክቱም ቆመ፣ ኋላም ተሰረዘ።