ሣራና አጋርን ተዉአቸው

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ጋዛ ወይም ኢየሩሳሌም ዜና ላይ በተነሱ ቁጥር የማትቀር አንዲት አባባል አለች፦ «ይሄማ የይስሐቅና የእስማኤል ጠብ ነው፤ ከአብርሃም ጀምሮ ያለ ነው፣ አይበርድም።» ታክሲ ውስጥ እሰማታለሁ፣ ለቅሶ ቤት እሰማታለሁ። አንድ ተማሪዬማ የግጭቱን መነሻ ጥቀስ ሲባል «አጋር» ብሎ ጽፎልኛል። ግማሽ ነጥብም አልሰጠሁትም።

መጽሐፍ ከተጠቀሰ እስከ መጨረሻው ይነበብ። ዘፍጥረት 25፥9 አብርሃም ሲሞት ይስሐቅና እስማኤል አብረው ቀበሩት ይላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናትም አይሁድ በአረብ አገሮች ኖረዋል። የአይሁድ ታላቅ ሊቅ ማይሞኒደስ በሙስሊሙ ሱልጣን በሳላዲን ዘመን ካይሮ ውስጥ ሐኪም ነበር፤ ዋናውን የፍልስፍና መጽሐፉንም የጻፈው በአረብኛ ነው። ገነት ነበር አልልም። የተለየ ግብር ይከፍሉ ነበር፣ ግፍም ደርሶባቸዋል። አሁን የምናየው ጦርነት ግን አልነበረም።

የዛሬው ጠብ ዕድሜው መቶ ምናምን ዓመት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1897 ቴዎዶር ሄርዝል የጽዮናውያንን (ለአይሁድ ፍልስጤም ውስጥ አገር ይኑራቸው የሚሉትን) ጉባኤ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ላይ ጠራ። ሰውየው የቪየና ጋዜጠኛ እንጂ የሃይማኖት ሰው አልነበረም። ጉባኤው መጀመሪያ የታሰበው ሙኒክ ነበር፤ ረቢዎች ጭምር ስለተቃወሙ ነው የተዛወረው! በዚያው ሰሞን አረቦችም በቱርክ አገዛዝ ሥር ስለ አገርነት ማውራት ጀምረው ነበር። በ1917 እንግሊዝ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ በባልፎር ደብዳቤ ለአይሁድ ፍልስጤም ውስጥ ብሔራዊ መኖሪያ ቃል ገባች። በ1922 ቆጠራ ከፍልስጤም ሕዝብ አይሁድ 11 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሁለት ሕዝብ፣ አንድ መሬት፣ ቃል የሚያድል ሦስተኛ ወገን። ነገሩ ይሄ ነው።

«ታዲያ ሃይማኖት የለበትም?» የሚሉ ደግሞ አሉ፤ እነዚህ ተምረናል ባዮቹ ናቸው። አለበት እንጂ። በ1928 በአይሁድ የማስተሰረያ ቀን፣ ኢየሩሳሌም፣ ከአል-አቅሳ መስጊድ ግቢ ጋር በሚዋሰነው የአይሁድ መጸለያ በምዕራባዊው ግንብ ሥር ወንድና ሴት ጸሎተኞችን የሚለይ መጋረጃ ተተከለ። ሙስሊሞች «ቦታችንን ሊወስዱ ነው» ብለው አቤት አሉ፤ የእንግሊዝ ፖሊስ ነቀለው። ወሬው ዓመቱን ሙሉ ሲብላላ ቆይቶ ነሐሴ 1929 ላይ ፈነዳ። 133 አይሁድና 116 አረቦች አለቁ። ከአይሁዱ 67ቱ የተገደሉት ኬብሮን ነው፤ ከጽዮናዊነት በፊት ጀምሮ አይሁድ የኖሩባት ከተማ። አንዳንዶቹን አረብ ጎረቤቶቻቸው ቤታቸው ደብቀው አተረፏቸው። ያ ሁሉ ሰው ለአንድ መጋረጃ አልሞተም፤ ከጀርባው የመሬትና የስደተኛ ስጋት ነበር። መጋረጃው ክብሪት ሆነ።

ስለዚህ ቀጥሎ ዜና ስትሰሙ ጥቅስ ከመፈለጋችሁ በፊት ሦስት ዓመት አስታውሱ፦ 1917፣ 1948፣ 1967። እስራኤል በተመሠረተችበት በ1948 ጦርነት 700 ሺህ ያህል ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ወጡ፤ በ1967 እስራኤል ጋዛንና ዌስት ባንክን ያዘች። ዛሬ የምትሰሙት ክርክር አብዛኛው ከእነዚህ ይመዘዛል።

ሌሎቹን የተሳሳቱ አባባሎች በአጭሩ። ፍልስጤማዊ ሁሉ ሙስሊም አይደለም፤ ታጣቂ ግንባር የመሠረተው ጆርጅ ሐበሽ የልዳ ኦርቶዶክስ ነበር፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ አገር ልጅ። አይሁድ ሁሉ ከአውሮፓ አልመጡም፤ የባግዳድ አሉ፣ የሰነዓ አሉ፣ የጎንደር አሉ። ኢራንም አረብ አይደለችም። ፋርስ ናት። ይሄን ስንት ጊዜ ልበል?